እብጠቱ ከምን ተሠራ? ከራስና አንገት ካንሰር በኋላ ስለሚመጣ የሊምፍ እብጠትና ስለ ቀዶ ሕክምናው



በአፍ፣ በጉሮሮ ወይም በማንቁርት ካንሰር ተይዞ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ከሐኪሙ አፍ ሊሰማ የሚናፍቀው ቃል «ዕጢው ጠፍቷል» የሚለው ነው። ያን ቃል ከሰማ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ፣ ከአገጩ ሥር ለስለስ ያለ እብጠት ብቅ ይላል። ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ይከብደዋል፤ ቆሞና ተቀምጦ ሲውል ቀለል ይለዋል፤ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ እንደነበረው ተመልሶ ያገኘዋል። ጊዜ በሄደ ቁጥር ልስላሴው ይቀርና ይጠነክራል። አንገት ማዞር፣ አፍ በሰፊው መክፈት፣ የጎረሱትን መዋጥ ያስቸግራል። ይህ የሊምፍ እብጠት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ እብጠት ቀዶ ሕክምና ሲሆን የማቀርበው ሐሳብም አንድ ነው። «የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል?» ከማለታችን በፊት እብጠቱ ከምን እንደተሠራና የት እንዳለ መጠየቅ አለብን። ውኃ ነው፣ ስብ ነው ወይስ ጠባሳ? ከቆዳ ሥር ነው ወይስ ጉሮሮ ውስጥ? የቀዶ ሕክምናው ዋጋ የሚለካው በእነዚህ መልሶች ነው፤ እነሱ ሳይታወቁ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና በሽተኛውን ለሁለተኛ ጊዜ ከመጉዳት ላያልፍ ይችላል።

አስቀድሞ ስለ ሊምፍ ጥቂት ልበል። ልብ የሚገፋው ደም በጥቃቅን ሥሮች ሲያልፍ የተወሰነ ውኃና ፕሮቲን ከግድግዳቸው እየሾለከ በሕዋሳት መካከል ይቀራል። ይህን ትርፍ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው የሊምፍ ሥርዓት ነው። የሊምፍ ሥሮች እጅግ ቀጫጭን ናቸው፤ ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ክዳኖች በውስጣቸው አሏቸው፤ ግድግዳቸውም በራሱ እየተኮማተረ ፈሳሹን ወደፊት ይገፋል። በመንገዳቸው ላይ ንፍፊቶች ተደርድረዋል። በሰውነታችን ውስጥ ካሉት በርካታ መቶ ንፍፊቶች ሲሶ ያህሉ የሚገኙት በራስና በአንገት ነው። ከዚህም በላይ የመላው ሰውነት ሊምፍ ወደ ደም የሚገባው በአንገት ግርጌ ባሉት ትላልቅ ደም መልሶች በኩል ነው። እንግዲህ አንገት ላይ የሚሠራ ማንኛውም ከባድ ሕክምና ይህን ሥርዓት ሳይነካ ማለፍ አይችልም።

የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሲዛመት በመጀመሪያ የሚደርሰው እነዚሁ ንፍፊቶች ዘንድ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ክራይል እ.ኤ.አ. በ1906 132 ቀዶ ሕክምናዎችን የያዘ ጽሑፍ አሳትመው፣ ንፍፊቶቹን አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ ከአካባቢያቸው ጋር በአንድነት ማውጣት እንደሚሻል አስረዱ። ይህ ሥር ነቀል አሠራር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ገዢ ሆኖ ቆየ። ከንፍፊቶቹ ጋር ትልቁ የአንገት ጡንቻ፣ ወደ ትከሻ የሚሄደው ነርቭና ዋናው የአንገት ደም መልስ አብረው ይወጡ ነበር። ደም መልሱ በሁለቱም ወገን ከወጣ ፊት ክፉኛ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አርጀንቲናዊው ኦስቫልዶ ሱዋሬዝ፣ ከእሳቸው በኋላም ጣሊያናዊው ኤቶሬ ቦካ፣ ጡንቻውን፣ ነርቩንና ደም መልሱን እያተረፉ ንፍፊቶቹን ብቻ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ትልቅ ምሕረት ነበር። ይሁንና ንፍፊቶቹና በመካከላቸው ያሉት የሊምፍ መንገዶች አሁንም ይወጣሉ። በላዩ የጨረር ሕክምና ሲጨመር ደግሞ የቀሩት ሥሮች በጠባሳ ይታነቃሉ፤ ተቆርጠው የነበሩትም መልሰው የሚበቅሉበት ሥጋ ይደርቃል። ቀዶ ሕክምናና ጨረር አንድ ላይ የወሰዱ በሽተኞች ላይ እብጠቱ የሚበረታው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ እብጠቱ ከምን ተሠራ? በዋልካ መሬት የሚያርስ ገበሬ ክረምት ሲገባ በማሳው ላይ ቦይ ካላወጣ መጀመሪያ የሚተኛበት ውኃ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቦይ ቢከፈት ማሳው ይጠነፍፋል። ወቅቶች ካለፉ ግን አፈሩ ራሱ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቦይ መክፈት ብቻውን ማሳውን አይመልሰውም። በአንገት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የተጠራቀመው በፕሮቲን የበለጸገ ውኃ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ይላል፤ ቀና ብለው ሲቀመጡም ይቀንሳል። ውኃው እዚያው ሲቆይ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እንደ ቁስል ቆጥረው ይሰበሰቡበታል። በኒው ዮርክ በሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ባባክ ሜራራና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ሲዲ ፎር የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሊምፍ መታገት ምክንያት የሚመጣውን ጠባሳ በመቀስቀስ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። ጠባሳው ደግሞ የቀሩትን የሊምፍ ሥሮች ይበልጥ ያንቃል። በተጨማሪም በታገተው ሊምፍ ዙሪያ ስብ ይበቅላል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን ብሮርሶን በጡት ካንሰር ምክንያት ለዓመታት ባበጡ ክንዶች ላይ ሲሠሩ፣ በጣት ሲጫኑት የማይጎደጉደው እብጠት በአብዛኛው ስብ መሆኑን አረጋግጠዋል። ስብና ጠባሳ በማሸትም ሆነ በማሰር አይፈስም፤ አዲስ የሊምፍ መንገድ ቢከፈትለትም የሚሄድ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ነው የሚለው ነው። ክንድ ወይም እግር ሲያብጥ እብጠቱ ለዓይን ግልጽ ነው። በራስና አንገት ካንሰር ግን ትልቁ ክፍል ከውጭ አይታይም። በአሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጂ ዴንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ሕክምናቸውን ከጨረሱ የቆዩ 81 በሽተኞችን መርምሮ በ61ዱ ላይ የሊምፍ እብጠት አገኘ። ከእነዚህ መካከል ከቆዳ ሥር ብቻ ያበጡት 6 ነበሩ። 24ቱ በውስጥ ብቻ፣ ማለትም በጉሮሮ፣ በማንቁርትና በዙሪያቸው ባለው ሥጋ ላይ ብቻ አብጠዋል። 31ዱ በውስጥም በውጭም። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም መልእክቱ ከባድ ነው። ከ61ዱ ሰዎች 55ቱ በመስተዋት የማያዩት እብጠት ነበራቸው፤ የሚታየው በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቀጭን የኤንዶስኮፒ መሣሪያ ነው። የምላስ ሥርና የማንቁርት ክዳን ሲያብጡ ምግብ ወደ መተንፈሻ ይስታል፤ ድምፅ ይጎረንናል፤ በከፋ ጊዜም አየር ማስገቢያው ይጠብና በአንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት ግድ ይሆናል። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ ስለ ቀዶ ሕክምናው በምንነጋገርበት ጊዜ ያስፈልገናል።

ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከመታሰቡ በፊት መሞከር ያለበት ሕክምና አለ፤ ያለ ምላጭ የሚሰጥ ነው። ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀመሩት ለስላሳ የእጅ እሽታ፣ ከእሱ ጋር የማሰሪያ፣ የእንቅስቃሴና የቆዳ እንክብካቤ ተጨምሮበት፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ሆኗል። በሂዩስተን በሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 1,202 የራስና አንገት ካንሰር በሽተኞችን ይዘረዝራል። ከሕክምናው በኋላ ውጤታቸው የተመዘነው 733 ሲሆኑ ከእነሱ 439ኙ፣ ማለትም 60 በመቶው፣ ተሻሽለዋል። ማን እንደሚሻሻል ከሚተነብዩት ነገሮች ዋናው በሽተኛው በየቀኑ የታዘዘውን በትጋት መሥራቱ ነበር። በዚያው ጥናት ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ ገና በለስላሳው ደረጃ ላይ እንደነበሩ ግን መዘንጋት የለበትም። ማለትም ውኃ ሳለ የተጀመረ ሕክምና ነው። በአንገት ላይ ሌላም ገደብ አለ። ክንድ ጠበቅ ተደርጎ ሊታሰር ይችላል፤ አንገት ግን ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮችና የአየር ቧንቧው ስላሉበት እንደ ልብ አይታሰርም። ጉሮሮ ውስጥ ያለውን እብጠት ደግሞ ማሰሪያ ጭራሽ አይነካውም። ስለዚህ ከመቶው አርባው ሳይሻሻል መቅረቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ቀዶ ሕክምና መታሰብ የሚጀምረውም ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ውኃው ገና ውኃ ከሆነ፣ ቢያንስ የተወሰኑ የሊምፍ ሥሮችም በሕይወት ካሉ፣ የሚመረጠው የሊምፍ ሥርን ከደም መልስ ጋር መስፋት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አውስትራሊያዊው በርናርድ ኦብራየን በማይክሮስኮፕ እየታገዙ በበሽተኞች ላይ ሠርተውታል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያዳበሩት ግን ጃፓናዊው ኢሳዎ ኮሺማ ናቸው፤ ውፍረታቸው ከ0.8 ሚሊሜትር በታች የሆኑ ሥሮችን ለዓይን በሚያዳግት መርፌና ክር ያገናኛሉ። ሐኪሙ ኢንዶሲያኒን ግሪን የተባለ ቀለም ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ልዩ ካሜራም ሊምፉ የት እንደሚሄድና የት እንደሚታገት ያሳየዋል። ከዚያ በትንሽ ቀዳዳ የሊምፍ ሥሩን አግኝቶ አጠገቡ ካለ ትንሽ ደም መልስ ጋር ያገጣጥመዋል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ቦታውን ብቻ በማደንዘዝም ሊሠራ ይችላል። ይህ አሠራር በአንገት ላይ ከእግር ይልቅ አንድ ብልጫ ሊኖረው ይችላል ብዬ አስባለሁ። ሰው ቀና ሲል የአንገት ደም መልሶች ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊምፉ ወደ ደሙ እንዲፈስ ይረዳል፤ በእግር ላይ ግን ቆሞ በሚዋልበት ጊዜ የደም መልሱ ግፊት ከፍ ስለሚል ደም ወደ ሊምፉ ሊመለስ ይችላል። በሌላ በኩል ጨረር የወሰደ አንገት የደረቀና የተጣበቀ ነው፤ ለመስፋት የሚሆን ደም መልስ ማግኘት ያስቸግራል። ከክንድና ከእግር የተገኘው ልምድ ብዙ ሆኖ ሳለ በአንገትና በፊት ላይ የታተሙት ሪፖርቶች በጣም ጥቂት በሽተኞችን የያዙ ናቸው። ተስፋ ሰጪ ናቸው፤ ከተስፋ ሰጪነት አልፈው ማስረጃ ለመባል ግን ገና ናቸው።

ውኃው ወደ ስብ ከተለወጠ የሚሠራው ስቡን መምጠጥ ነው። እዚህ ላይ ለአንገት የተሻለ ማስረጃ አለን። በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማ በዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሃያ በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አሥሩ ከአገጫቸው ሥር ያለው እብጠት በቀጭን ቱቦ ተመጠጠላቸው፤ አሥሩ ሳይመጠጥላቸው ቆዩ። የተመጠጠላቸው ስለ መልካቸው ያላቸው ስሜት ከሌሎቹ ይልቅ መሻሻሉ ተመዘገበ። በዕጣ የተከፈለ ጥናት በዚህ መስክ ብርቅ ነው፤ ሐኪሞቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ሃያ ሰው ግን ሃያ ሰው ነው። በተጨማሪም በሽተኛው ቀዶ ሕክምና እንደተሠራለት ስለሚያውቅ በራሱ አንደበት የሚሰጠው መልስ ወደ ደስታው ሊያደላ ይችላል። ከሁሉም በላይ ይህ ሕክምና የሚነካው ከአገጭ ሥር ያለውን ነው፤ የታገተውን የሊምፍ መንገድ አይከፍትም፤ ጉሮሮንም አይደርስበትም። ብሮርሶን በክንድ ላይ እንዳሳዩት ስቡ ከተመጠጠ በኋላ ውጤቱ የሚጸናው ማሰሪያው በቋሚነት ሲለበስ ነው። ይህ ግን ሕክምናውን አያስንቀውም። ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለው ነገር ተወግዶለት አንገትጌውን መቆለፍና አንገቱን እንደ ልቡ ማዞር የቻለ ሰው ብዙ አግኝቷል። የሚያስፈልገው በሽተኛው የሚያገኘውንና የማያገኘውን አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከብብት፣ ከብሽሽት ወይም ከሆድ ውስጥ ካለው የስብ መጋረጃ ንፍፊቶችን ከነደም ሥራቸው አንሥቶ ወደ ታመመው ቦታ ማዛወር ነው። ፈረንሳዊቷ ሐኪም ኮሪን ቤከርና ታይዋናዊው ሚንግ ሁዌ ቼንግ በክንድና በእግር ላይ ስሙን ካስጠሩት መካከል ናቸው። በአንገት ላይ አንድ ማራኪ ጎን አለው፤ የተቃጠለውን ጠባሳ ከፍቶ በምትኩ ጤነኛና ደም ያለው ሥጋ ያስቀምጣል። ሆኖም ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ንፍፊት የተነሣበት እግር ወይም ክንድ ራሱ ሊያብጥ ይችላል፤ ለአንገት ያለው ማስረጃም ከሦስቱ ሁሉ የሳሳ ነው። ዛሬ ላይ ይህን የምደግፈው በጥናት ማዕቀፍ ውስጥ ሲሠራ ብቻ ነው።

አሁን የዴንግን ቁጥር መልሳችሁ አስቡ። ከ61ዱ 55ቱ በውስጥ አብጠው ነበር። እስካሁን ከገለጽኳቸው ቀዶ ሕክምናዎች ግን አንዱም በቀጥታ ጉሮሮ ውስጥ አይሠራም። የውጭው መንገድ ሲከፈት የውስጡም ሊቀል ይችላል የሚል ግምት አለ፤ የሊምፍ ሥሮች ስለሚገናኙ ግምቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ይህን ለመናገር ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በኤንዶስኮፒ ጉሮሮን አይቶ መመዝገብ፣ የመዋጥ ምርመራም ማድረግ ይጠይቃል። የአገጭ ሥር ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ሰውየው ከሞት ተርፏል፤ ስለ አገጭ እብጠት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ በሽተኛውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴም በሽተኛው ራሱ ይለዋል፤ ሐኪሙን ማስቸገር ይፈራልና። ነገር ግን መዋጥ ያቃተው ሰው ይከሳል፤ ምግብ ወደ ሳንባው የሚስተው ሰው የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ ፊቱን የሚደብቅ ሰው ከለቅሶም ከሠርግም ይቀራል። በእኛ ባህል ከአንድ ገበታ አብሮ አለመብላት የሚያስከትለውን ብቸኝነት ለአድማጮቼ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ካንሰሩን ለማጥፋት የሰጠነው ሕክምና ያመጣው ጉዳት እስከሆነ ድረስ፣ እሱንም ማከም የዚያው ሕክምና ክፍል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፍርሃት ነው፤ «ሊምፉን ከደም ጋር ብታገናኙት የቀረ የካንሰር ሕዋስ ቢኖር በመላ ሰውነት አትበትኑትም ወይ?» የሚል። ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ሊምፍ በጤነኛ ሰውም ቢሆን መጨረሻው ደም ነው፤ ቀዶ ሕክምናው መንገዱን ያሳጥረዋል እንጂ አዲስ መድረሻ አይፈጥርም። ሆኖም የተወሰኑ ንፍፊቶችን ማለፉ ስለሚቀር ስጋቱን መሠረተ ቢስ ማለት አልችልም። ስለዚህ ጥንቃቄው ግልጽ ነው፤ ካንሰሩ መጥፋቱ በምርመራ ሳይረጋገጥ ይህ ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ አደጋም አለ። ቆይቶ በድንገት የመጣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ የጠነከረ እብጠት የካንሰሩ መመለስ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እብጠት «የተለመደው ነው» ብሎ ወደ እሽታ ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ ከባድ ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ጉሮሮው ይታያል፣ ምስል ይነሳል፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይጠልቃል። «ንፍፊቶቹን ማውጣት ይህን ሁሉ የሚያመጣ ከሆነ ለምን ታወጧቸዋላችሁ?» ይላል። መልሱ ከሕንድ መጥቷል። በሙምባይ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው ትልቅ ጥናት ገና በጅምር ላይ ያለ የአፍ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች አነጻጸረ። ንፍፊቶቻቸው ከመጀመሪያው ከወጡላቸው በሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 80 በመቶ ሲሆኑ፣ ንፍፊቱ እስኪያብጥ ከተጠበቀላቸው መካከል ግን 67.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። እብጠትን በመፍራት ይህን ያህል ሕይወት መስጠት አይቻልም። ነገር ግን «ሁሉንም አውጣ» እና «ምንም አትንካ» ብቻ አይደሉም ያሉት። በእንግሊዝ የተመራው ፔት ኔክ የተባለ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ በጨረርና በመድኃኒት የታከሙ 564 በሽተኞችን ያዘ። ለግማሾቹ ንፍፊት ማውጣት አስቀድሞ ታቅዶላቸው ነበር፤ ለሌሎቹ በፔት ሲቲ ምስል ታይቶ ካስፈለገ ብቻ። በታቀደላቸው ወገን 221 የአንገት ቀዶ ሕክምና ተሠራ፤ በምስል በተጠበቁት 54 ብቻ። በሁለት ዓመት በሕይወት መቆየታቸው ግን ተቀራራቢ ነበር። በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በጅምር ላይ ባለ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር፣ ዕጢው መጀመሪያ የሚደርስበትን ንፍፊት ብቻ ለይቶ አውጥቶ መመርመር ሁሉንም ከማውጣት ጋር በሁለት ዓመት ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትም የአንገትና የትከሻ ጉዳቱ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ለሊምፍ እብጠት ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚያድነው፣ በማስረጃ ተደግፎ ሳይሠራ የቀረው የአንገት ቀዶ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ።

«ማስረጃው ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ለምን አይቆይም?» የሚሉም አሉ። በእኔ ፍርድ መቆየቱ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ውኃው ወደ ስብና ጠባሳ የሚለወጠው እኛ ትልቁን ጥናት ስንጠብቅ ነው። ትክክለኛው መንገድ ለለስላሳው እብጠት እሽታውን ሳይዘገዩ ጀምሮ፣ በጥቂት ወራት ካልተሻሻለ በቀለምና በካሜራ የሊምፍ ሥሮቹን መመርመር፣ ሥር ካለ መስፋት፣ ስብ ብቻ ከቀረ መምጠጥ፣ ሁሉንም እየለኩ መመዝገብ ነው። ጠባሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ «ይህን ቀዶ ሕክምና አልሠራልህም» የሚል ሐኪም ለበሽተኛው ታማኝ ነው።

በመጨረሻ «ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚለውን ላንሳ። ኢትዮጵያ የሊምፍ እብጠትን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን በእግር ነው። በቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው፣ ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉት በሽታ የብዙ ገበሬዎችን እግር አሳብጧል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 በሽተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በዕጣ የተከፈለ ጥናት እግርን በአግባቡ ማጠብ፣ ቆዳን መቀባት፣ ማሰር፣ ማንቀሳቀስና ጫማ ማድረግ በሽታው እየተነሳ የሚያሠቃያቸውን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ የሆነው በገጠር፣ በቀላል ቁሳቁስ ነው። እንግዲህ ለእግር የሠለጠነ እጅ ለአንገትም ሊሠለጥን ይችላል። ማይክሮስኮፑና የማይታየውን ክር የሚይዝ ሐኪም በየክልሉ ላይገኝ ይችላል፤ ስብ መምጠጥ ግን ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፤ እሽታውም የሚፈልገው የሠለጠነ ሰውና በቤቱ በየቀኑ የሚሠራ በሽተኛ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን መለካት ነው። የካንሰር ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከአንዱ ጆሮ ሥር በአገጭ በኩል እስከ ሌላው ጆሮ ሥር ያለው ርዝመትና የአንገት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ፊቱ ከፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ይነሳል፤ በኤንዶስኮፒ የታየው የጉሮሮ ሁኔታም በካርዱ ላይ ይጻፋል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይኸው ይደገማል፤ የተለካበት ሰዓትም ይመዘገባል፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ መጠን አንድ አይደለምና። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚመጣው ቀዶ ሐኪም ከፊቱ ያለው እብጠት መቼ እንደጀመረ፣ እንዴት እንደተለወጠና ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ የሚያውቀው ከዚያ ካርድ ነው።